እማማ የት ሊያርፉ ነው?

(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «እስቲ ከሙያሽ ወጣ ያለ ነገር አውሪልን» ሲሉኝ ስለ ቤት ሥራ ለመናገር መረጥኩ። የቤት ሥራ ስል መምህሮቻችን አርብ ማታ የሚያሸክሙንን ማለቴ አይደለም። ብሎኬትና ፌሮ ያለበትን ነው። ከመካከላችሁ ቤት የሠራችሁ አላችሁ፣ ልትሠሩ ያሰባችሁም አላችሁ። ሁለታችሁም ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሩ የሚጀምረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሐኪም፣ ነርስና መምህር የሆንን 24 ሰዎች የመኖሪያ ቤት ማኅበር መሠረትን። በዝግ ሂሳብ ገንዘብ አስቀመጥን፣ ሰነድ አሟላን፣ ጠበቅን። በመጨረሻ ወደ አዘዞ በሚወስደው አቅጣጫ በፕላን የተሸነሸነ ቦታ ተሰጠን። መንገዱ፣ የውኃ መውረጃው፣ ለልጆች መጫወቻ የተተወው ሜዳ ሁሉ አስቀድሞ ተሠምሯል። ዕጣ ሲወጣ የማዕዘን ቦታ፣ 200 ካሬ ደረሰኝ። ምን ልበላችሁ፣ ዲግሪዬን የተቀበልኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አልዘለልኩም።

«መሬት ገዛሁ» ስል ሕግ የተማረው ወንድሜ ያርመኛል። ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ደግሞ ለመኖሪያ የሚሆን ቦታ እስከ 99 ዓመት በሊዝ ይያዛል። የእኔም ውል 99 ዓመት ይላል። እኔም እንደዚያው፣ 99 ዓመት እንደሚኖር ሰው ማሰብ ጀመርኩ። ስህተቴ እዚያ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ አለው። የአጥሩ ከፍታ አንድ ይሁን፣ ከመንገዱ የሚራቀው ርቀት ይከበር፣ የውኃ መውረጃው ላይ ማንም አይሥራ። ከዚያ ውጪ እያንዳንዱ በአቅሙና በምርጫው ይሠራል። አንዳንዱ አባል ደንቡ ከበደው። እኔ ግን ጎንደር ላይ ሆነን በዚህ መከራከራችን ያስቀኝ ነበር። ፋሲል ግቢን ታውቁታላችሁ። 900 ሜትር ገደማ በሆነ አንድ አጥር ውስጥ የፋሲል አለ፣ የኢያሱ አለ፣ የዳዊት አዳራሽ አለ፣ የበካፋ አለ፣ የምንትዋብ አለ። ሁሉም በየራሱ መልክ፣ አጥሩ ግን የጋራ። ይህን ነገር ነገሥታቱ ከቻሉት እኛ 24 ሰዎች ምን ያቅተናል?

ወደ ግንባታው ልግባ። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ዋልካ የምንለው። ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ይህን ሳያውቅ መሠረት የጣለ ሰው በሁለት ዓመቱ ግድግዳው ተሰንጥቆ በሩ አልዘጋ ይለዋል። እኔ ግን ብልጥ ነኝ። ጉድጓድ አስቆፍሬ አፈሩን አስመረመርኩ። ጥቁሩ አፈር ወጥቶ ሰሌክት ተሞላ፣ በየንብርብሩ ተጠቀጠቀ። ውኃ ወደ መሠረቱ እንዳይሄድ በቤቱ ዙሪያ መውረጃ ተሠራ። አርማታው ሲሞላ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እየሄድኩ ውኃ መጠጣቱን አያለሁ። ቢያንስ ሰባት ቀን መርጠብ አለበት፤ ጥንካሬውም የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ሠራተኞቹ «ዶክተር ራውንድ መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እውነታቸውን ነው። አፈሩን እንደ ታካሚ ታሪኩን ጠይቄ፣ መርምሬ፣ ላቦራቶሪ አዝዤለታለሁ። ያልጠየቅኩት ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ነው።

ፕላኑን ከአርክቴክቱ ጋር ስናወጣ ጂ ፕላስ ዋን አልኩ። ታች ሰፊ ሳሎን፣ ምግብ ቤት፣ ኩሽናና ትንሽ የእንግዳ መጸዳጃ። መኝታ ክፍሎቹ ሦስቱም ፎቅ ላይ። ሳሎኑ ሰፊ ይሁን ያልኩት፣ አልዋሻችሁም፣ እናንተ ስትመጡ እንድታዩልኝ ነው።

መሠረቱ አልቆ ግድግዳ ልንጀምር ስንል ፎርማኑ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ዶክተር፣ እማማ የት ሊያርፉ ነው?» አሉኝ። እናቴ ያኔ 66 ዓመቷ ነበር። አባታችን ካረፈ ወዲህ አብራኝ ትኖራለች፣ ሥራውን ለማየትም አንዳንዴ ትመጣለች። «ጋሼ፣ እማዬ እኮ የደብረ ታቦርን ዳገት እየወጣች ያደገች ናት። ከእኔ ትሻላለች!» አልኳቸው። እሳቸውም «እንደ ፈቀዱ» ብለው ወረቀቱን አጠፉት።

በ2012 ዓ.ም. ገባን። ደረጃው 18 ነው። ቁጥሩን ያኔ አላውቀውም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ እማዬ እርጥብ ግቢ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። የጭኗ አጥንት ዳሌው አጠገብ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ደህና ሄደ፣ ባልደረቦቼ እጃቸው ይባረክ። ከሆስፒታል ስትወጣ ወንድሜና ጎረቤታችን በወንበር ተሸክመው ደረጃውን አወጧት። ያን ቀን ነው የቆጠርኩት፤ 18።

አራት ወር ፎቅ ላይ ቆየች። ታች ቡና ሲፈላ ሽታው ይደርሳታል፣ የጎረቤቶቿን ድምፅ ትሰማለች፣ ሰው ግን አታይም። እነሱም ፎቅ ድረስ መውጣቱን እንደ ድፍረት እየቆጠሩ ሰላምታ ልከው ይሄዳሉ። አንድ ማታ መድኃኒቷን ስሰጣት «ልጄ» አለችኝ፣ «ለመሆኑ ቤት ሠራሽልኝ ወይስ ሰቀልሽኝ?»

ሳቅኩ። ክፍሌ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ያለቀስኩት እንደ ልጅ ብቻ አይደለም። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። በስትሮክ፣ በልብ ድካም፣ በስብራት ተኝቶ ለሚወጣ ሰው «እየተደገፈ ይንቀሳቀስ» ብዬ ስንቴ ጽፌያለሁ! የት ነው የሚንቀሳቀሰው? መጸዳጃው ከቤት ስንት እርምጃ ይርቃል? ደጃፉ ላይ ደረጃ አለ ወይ? ማንንም ጠይቄ አላውቅም። የገዛ እናቴን ደረጃ ያልቆጠርኩ ሰው የማንን ልቆጥር?

ከዚያ ማፍረስ ጀመርን። የምኮራበት ሳሎን ለሁለት ተከፈለ። ፎርማኑን ፈልጌ አስመጣኋቸው። በሩ 90 ሳንቲ ሆነ። መጸዳጃው ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲዞር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ቦታ ተተወ፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ተተከለ። እኚያ ሰው አንድም ቀን «ብዬዎት ነበር» አላሉኝም።

አስቸጋሪው ደጃፉ ነበር። የቤቱ ወለል ከግቢው 45 ሳንቲ ከፍ ይላል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ለአንድ ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት ይፈልጋል። ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 ያስፈልገኛል። በቀጥታ ከሄደ ከአጥሩ አልፎ የጋራው መውረጃ ላይ ይወጣል። ማኅበሩ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጠኝ አመለከትኩ። በስብሰባው ላይ አንዱ አባል «ዛሬ ለዶክተር ብለን መውረጃውን ከነካን ነገ ጎርፉ ማን ቤት ሊገባ ነው?» አለ። ተናደድኩ። ማታ ሳስበው ግን ልክ ነው፤ በዋልካ ላይ የተሠራ ሰፈር መውረጃው ከተዘጋ የሁላችንም መሠረት ነው የሚያብጠው።

መፍትሔውን ያመጡት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። «ለምን አታጥፊውም?» አሉኝ። መወጣጫው ለሁለት ታጥፎ፣ መሐሉ ላይ ማረፊያ ተደርጎለት፣ አጥሩ ውስጥ ገባ። የመኪና ማቆሚያዬን በላው። መኪናዬ እስከ ዛሬ በር ላይ ነው የሚያድረው።

እማዬ ታች በወረደች በሳምንቱ ቡናውን ራሷ አፈላች። ከመስኮቷ ሆና ማን ሥራ እንዳረፈደ፣ የማን ልጅ ትምህርት ቤት እንደቀረ ከእኔ ቀድማ ታውቅ ነበር። በዚያ ክፍል አንድ ዓመት ከስምንት ወር ኖራ በ2015 ዓ.ም. አረፈች። ጥሩ ጊዜ ነበር። ግን ፎቅ ላይ የቆየችባቸውን አራት ወራት ማንም አይመልስልኝም። ከመጀመሪያው ባስብበት ኖሮ ልዩነቱ አንድ ግድግዳና አንድ በር ነበር።

ስለዚህ ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ አፈሩን አስመርምሩ፣ የማኅበራችሁን ደንብ አክብሩ፣ ታች ግን አንድ መኝታ ክፍልና ሰፊ በር ያለው መታጠቢያ ቤት አድርጉ። ለእናታችሁ ካልሆነ ለራሳችሁ ይሆናል፤ እኔም ጉልበቴ ማውራት ጀምሯል። መምህሮቻችን ደግሞ አንድ ነገር ለምኛችኋለሁ። ተማሪው ታካሚ ሲያስወጣ «ቤትዎ ስንት ደረጃ አለው?» ብሎ እንዲጠይቅ አስተምሩት። እኔ አሁን እጠይቃለሁ። መልሱን ሰምቼ የጻፍኩትን ትእዛዝ የቀየርኩባቸው ቀኖች አሉ።

ነገ ከሰዓት የምትመቹ ቤቴ ኑ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ቡናው ታች ነው።