ከጋቦዴ ወደ አዲስ አበባ፦ በትእዛዝ የሚከፈት የተመሰጠረ መስመር

በርካታ የባሕር ሥር ኬብሎች በሚያርፉባት በጅቡቲ ከተማ፣ ጋቦዴ ተቀምጦ የኢትዮጵያን ጭነት ሰነድ የሚያዘጋጅ የትራንዚት ሠራተኛ አዲስ አበባ ካለው የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ጋር ሲገናኝ፣ መረጃው በሌሎች ተቋማት መሣሪያዎች በኩል ስለሚያልፍ ቪፒኤን፣ ማለትም መረጃን መስጥሮ በኢንተርኔት ውስጥ እንደ ዋሻ የሚያሳልፍ ግንኙነት፣ ያስፈልገዋል። ለዚህ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አካል የሆነው ዋየርጋርድ የተባለው የቪፒኤን ሶፍትዌር ተመራጭ ነው።

በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ «ደብሊው ጂ ጄንኪ» የሚለው ትእዛዝ 44 ፊደላትና ምልክቶች ያሉት ምስጢራዊ ቁልፍ ሲያወጣ፣ «ደብሊው ጂ ፐብኪ» ደግሞ ከእርሱ ለሌላው ወገን የሚሰጠውን ይፋዊ ቁልፍ ያስገኛል። ምስጢራዊውን ቁልፍ በቴሌግራም መላክ ዋሻውን ለሌላ ሰው መክፈት ስለሆነ፣ ቁልፉ ከተፈጠረበት ኮምፒውተር ፈጽሞ መውጣት የለበትም።

የራስ ምስጢራዊ ቁልፍ፣ የሌላው ወገን ይፋዊ ቁልፍና አድራሻዎቹ በማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ከተጻፉ በኋላ «ደብሊው ጂ ኳይክ አፕ» የሚለው ትእዛዝ ከፋይሉ ስም ጋር ተጽፎ መስመሩን ያስነሳል፤ ሆኖም ትእዛዙ ያለ ስሕተት መጠናቀቁ ብቻ ግንኙነት መፈጠሩን አያረጋግጥም። በመስመሩ መረጃ ለመላክ ከተሞከረ በኋላ «ደብሊው ጂ» ብቻ ሲጻፍ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ለመጨረሻ ጊዜ የተጨባበጡበት፣ ማለትም በቁልፎቻቸው የተረጋገጡበት ጊዜ ካልታየ፣ ብዙውን ጊዜ አንደኛው ቁልፍ ተሳስቷል፣ ወይም ፋየርዎል ዋየርጋርድ የሚጠቀምበትን የዩዲፒ መግቢያ (ፖርት) ዘግቷል።