ፖስታውን አትጣሉት
(በማኅበራችን አባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ዐሥረኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ቴምብርና ስለ አሮጌ ፖስታ እንድናገር ዕድሉ ስለተሰጠኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ታክሲ ነጂ ስለ ቴምብር ምን አገባው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ የሚባክነውን ሰዓት የምታውቁ የሥራ ባልደረቦቼ ግን አትገረሙም። እዚያ አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ አንዱ ፖለቲካ ይከራከራል፤ እኔ የቴምብር ካታሎግ አገላብጣለሁ። ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ፣ ቸርቸል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት እየተመላለስኩ ያመጣሁት አመል ነው። ትምህርቱ ቢቋረጥም አመሉ አልተቋረጠም።

ባለፈው ዓመት አንድ የምናውቀው ቤተሰብ ቤት ሲቀይር ዕቃ ለማገዝ ሄጄ ነበር። ሊጣል በር ላይ ከተቀመጠው ዕቃ መካከል በጫማ ካርቶን የታጨቀ ደብዳቤ አየሁ። ዳር ዳሩ በቀይና በሰማያዊ የተዥጎረጎረ የአየር ፖስታ ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከጎንደር የተላከ። ልጆቹ አማርኛ አያነቡም፤ ወላጆቹም ያረጀ ወረቀት ነው ብለው ትተውታል። እንዲያስቀምጡት ለመንኳቸው፣ እሺ አሉኝ። ይሁን እንጂ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በስንት ቤት እንዲህ ያለ ካርቶን ማንም ሳያየው ወጥቶ እንደሚሆን አስቡት። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ይኸው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በዐፄ ምኒልክ ዘመን ፓሪስ ታትመው እ.ኤ.አ. በ1894 ወጡ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። የአየር ቴምብር ግን አውሮፕላን እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። ፖቴዝ 25 የሚባለው የፈረንሳይ አውሮፕላን፣ አንድሬ ማዬ በተባለ ፈረንሳዊ አብራሪነት ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ነው። ለዚህ መታሰቢያ እንዲሆን የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና የንጉሥ ተፈሪ ምስል ባለባቸው፣ ከአንድ ዓመት በፊት በወጡት ቴምብሮች ላይ የአውሮፕላን ሥዕልና የአማርኛ ጽሑፍ ታተመባቸው። ከአንድ ስምንተኛ መሐለቅ እስከ 3 ብር ድረስ 10 ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የአየር ቴምብሮቻችን እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ። ስኮት የተባለው የአሜሪካ ካታሎግ ይህ ማኅተም በከፍታውና በአንድ ምልክት በሦስት ዓይነት እንደሚከፈል ይገልጻል። አንዱ 20 ሚሊሜትር፣ ሁለቱ 19 ተኩል ሚሊሜትር ናቸው፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ላይ ከታችኛው ቃል ቀጥሎ «ኮሎን» አለ፣ በሦስተኛው ላይ የለም ይላል። ያ ፈረንጆቹ ኮሎን ያሉት የእኛው ሁለት ነጥብ ነው! እኛ በልጅነታችን ፊደል ስንቆጥር የተማርነውን እነርሱ በማስመሪያ ይለኩታል። ቀኑንም ካታሎጉ እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1929 ይለዋል፤ አውሮፕላኑ የገባው በ18 ነው የሚሉ የታሪክ ጽሑፎች አሉ። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 11 እና 12 መሆኑ ነው። አጉሊ መነጽር ይዞ የቴምብሩን ጽሑፍ ያለ አስተርጓሚ ሊያነብ የሚችለው ግን የእኛ ሰው ነው። በዚህ ረገድ ማንም ሰብሳቢ አይቀድመንም።

ቴምብሩን ብቻ ቀዶ ማስቀመጥ ለምን ጉዳት እንደሆነ ላስረዳ። በዚያ ዘመን ፖስታው ላይ «በአየር» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ደብዳቤው መንገዱን ሁሉ በረረ ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በባቡር ይወርዳል፣ ከዚያ በመርከብ ይሄዳል፣ አውሮፕላን ከሚገኝበት ቦታ ሲደርስ ይሳፈራል። የት እንደወረደና የት እንደተሳፈረ፣ ስንት ቀን እንደፈጀ የሚናገረው ከፊትና ከጀርባ የተመታው የፖስታ ቤት ማኅተም ነው። ቴምብሩ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲላቀቅ ይህ ሁሉ ታሪክ አብሮ ይጠፋል። ሰብሳቢዎችም ሙሉውን ፖስታ አጥብቀው የሚፈልጉት ስለዚህ ነው።

የጠላት ወረራ ዘመንም የራሱ ፖስታ አለው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢጣልያ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቴ እያለች ቴምብር ታትም ነበር፤ ደብዳቤውንም አላ ሊቶሪያ የተባለው አየር መንገዷ ያመላልስ ነበር። አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን በአልበማቸው ማስገባት ይጸየፋሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔ ግን አስገባዋለሁ። የሆነውን ነገር ከአልበም በማውጣት ያልሆነ ማድረግ አይቻልም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ፍራንክፈርት፣ በ1973 ቻይና ደረሰ። አዲስ መስመር ሲከፈት ልዩ ማኅተም እየተመታባቸው የሚላኩ ፖስታዎች ለሰብሳቢ ተብለው የሚዘጋጁ ናቸው። ያምራሉ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ባዶ ነው። ለእኔ ከእነዚህ ይልቅ እናት ለልጇ የላከችው፣ ጥጉ የተጨማደደው ፖስታ ይበልጣል። ላኪው አድራሻ ላይ ያለውን ፖ.ሣ.ቁ. ተመልከቱ። በአገራችን ፖስታ ቤት ለቤት ይታደል ስላልነበር ቁጥሩ የአባት መሥሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤት ወይም የአንድ ቸር ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ስንት ቤተሰብ በአንድ ሣጥን ቁጥር ሲገናኝ እንደኖረ ከዚያ ይታያል።

የምንኖርበትም ከተማ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። ኋላ ኖርዝዌስት የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2008 ከዴልታ ጋር የተቀላቀለው አየር መንገድ ሥራውን የጀመረው ኦክቶበር 1 ቀን 1926 ከመንትያ ከተሞቻችን ወደ ቺካጎ ደብዳቤ በመጫን ነው፤ መንገደኛ የመጣው ኋላ ነው። ሴንት ፖል መሐል ከተማ አጠገብ ያለው ሆልማን ፊልድ የተሰየመው በዚያ ኩባንያ ቀደምት አብራሪ ስም ነው። በዚያ በኩል ሰው ስጭን ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትጠይቁኝ ወደ ካታሎግ ልምጣ። ስኮት እዚህ አገር በየቦታው የሚገኝ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል፤ ኢትዮጵያ በሁለተኛው ጥራዝ ውስጥ ናት። የአየር ቴምብሮችን ለብቻ ለይቶ «ሲ» የሚል ፊደል ከቁጥሩ ፊት ያስቀምጣል። የጀርመኑ ሚሼልና የእንግሊዙ ስታንሊ ጊቦንስ ግን ሁሉንም በወጡበት ጊዜ ቅደም ተከተል ይቆጥራሉ፤ ስለዚህ የአንዱን ቁጥር ይዞ በሌላው መፈለግ ያደናግራል። የፈረንሳዩ ኢቬር እንደ ስኮት የአየሩን ይለያል። ገንዘባችሁን በየዓመቱ አዲስ እትም ላይ አታፍስሱ፤ ቁጥሩ እምብዛም ስለማይለወጥ የጥቂት ዓመት አሮጌ ይበቃል። ዋጋውን ለማየት ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ፤ እዚሁ መንትያ ከተሞች አካባቢ ያለውን የኖርዘርን ፊላቴሊክ ቤተ መጻሕፍትንም ጠይቁ። የአሜሪካን አየር ፖስታ ማኅበር ያሳተመው ካታሎግ ለዚህ አገር በረራዎች ይጠቅማል። ስለ ቀድሞው የኢትዮጵያ ፖስታ ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ የሮቤርቶ ሺያኪ መጽሐፍ፣ ከ1867 እስከ 1936 እ.ኤ.አ. ያለውን የያዘው፣ ከካታሎጎቹ ሁሉ የተሻለ ነው እላለሁ።

ካታሎግ ላይ የተጻፈው ዋጋ ነጋዴ እጃችሁ ላይ የሚቆጥርላችሁ ዋጋ አይደለም፤ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ደግሞም አጠቃላይ ካታሎጎች የሚተምኑት ባብዛኛው ቴምብሩን እንጂ ሙሉውን ፖስታ አይደለም። ስለዚህ «ካታሎጉ 2 ዶላር ስላለው 1 ልስጥህ» የሚላችሁ ሰው ፖስታውን በነፃ እየወሰደ ነው። በሌላ በኩል የቤታችን ደብዳቤ ሀብታም ያደርገናል ብላችሁም አትጠብቁ፤ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተላከው አብዛኛው ፖስታ በገበያ ላይ ጥቂት ዶላር ነው። የ1921ዱ ቴምብር ያለበት ካጋጠማችሁ ግን ሐሰተኛ ማኅተም ስለሚኖር ሳታስመረምሩ አትግዙ፣ አትሽጡም።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አለ። ቢሯችን ውስጥ አንድ መደርደሪያ ይመደብ። ደብዳቤውን ቤተሰቡ ያስቀር፣ ምሥጢር ነውና ማንም አያንብበው፤ ፖስታውን መስጠት የፈቀደ ይስጥ፣ ያልፈቀደ ፎቶ አንሥተን እንመልስለት። እስከዚያው ፕላስተር አትለጥፉበት፣ በፕላስቲክ አታሽጉት፣ እስክሪብቶም አታስነኩት፤ ከማን ለማን እንደተላከ በሌላ ወረቀት ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ። ይህን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች አብረውን ሳሉ ይጻፍ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስኮትንና አጉሊ መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ። ካርቶኖቻችሁን ይዛችሁ ኑ።