ሳትጠይቅ የፈረምከው ወረቀት

ዛሬ ከመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9 እንነጋገራለን። መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችሁ ካለ ግለጡ፤ መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙን ግን በኋላ ታነቡታላችሁ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የገባዖን ሰዎች በኢያሪኮና በጋይ የሆነውን ሰምተው ፈሩ። ያረጀ ልብስ ለብሰው፣ የተጠጋገነ ጫማ አድርገው፣ የሻገተ ስንቅ ቋጥረው ጌልገላ ደረሱ። ከሩቅ አገር እንደመጡ ተናግረው ቃል ኪዳን ለመኑ።

የእስራኤል አለቆች ሞኞች አልነበሩም። ጎረቤት እንዳይሆኑ ጠርጥረዋል። ስንቃቸውንም አይተዋል። ማስረጃ አገላብጠዋል እኮ! የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ እግዚአብሔርን አልጠየቁም። የሚገርመኝ ደግሞ መጠየቂያው ነበራቸው። በዘኍልቍ 27 ላይ ኢያሱ በካህኑ በአልዓዛር ፊት እንዲቆም፣ ካህኑም በኡሪም እንዲጠይቅለት ታዝዞ ነበር። ሳይጠይቁ ማሉ። በሦስተኛው ቀን እንግዶቹ ጎረቤት ሆነው ተገኙ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮ አደጌ የሆነ ወንድም ብድር ሊወስድ ዋስ እንድሆነው ጠየቀኝ። እሱ ካልከፈለ ከእኔ ደመወዝ ይቆረጣል። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ሱቁንም አይቻለሁ፣ ዕቃው ሞልቷል። ባለቤቴ “ጸለይክበት ወይ?” አለችኝ። “ወንድምን ለመርዳት ምን ጸሎት ያስፈልጋል?” አልኳት። መንፈሳዊ መልስ ይመስላል አይደል? እውነቱ ሌላ ነው። እምቢ ማለት አፍሬ ነበር፤ ብጸልይ ደግሞ ጌታ “ቆይ” እንዳይለኝ ፈርቻለሁ። ስለ ዋስትና የሚያስጠነቅቀውን ምሳሌ ምዕራፍ 6ን ከመድረክ የሰበክሁት ሰው ነኝ! ፈረምኩ። ዓመት ሳይሞላ ሱቁ ተዘጋ፤ እኔም 14 ወር ከደመወዜ ከፈልኩ። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ የዘገየበትን ቀን አልረሳውም።

ወገኖቼ፣ ለቪዛ እንጾማለን፣ ለትዳር እንጾማለን። ዋስትናውን፣ ዕቁቡን፣ ከሰው ጋር በሽርክና የሚከፈተውን ሱቅ ግን በዓይናችን አይተን እንጨርሳለን። ሌሎቻችን ደግሞ ነቢይ ፍለጋ እንሮጣለን። ሌላ ሰው እንዲወስንልን መፈለግ እኮ እግዚአብሔርን መጠየቅ አይደለም። ቅር አይበላችሁ፣ እኔም በልሳን የምጸልይ ጴንጤ ነኝ።

እስቲ የሐዋርያት ሥራ 15ን ተመልከቱ። አሕዛብ ይገረዙ ወይስ አይገረዙ በሚለው ጉዳይ ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ተሰብስበው ብዙ ተከራከሩ። ጴጥሮስ ያየውን መሰከረ፣ በርናባስና ጳውሎስ ተናገሩ፣ ያዕቆብ የነቢያትን ቃል ጠቀሰ። ውሳኔው የመንፈስ ቅዱስም የእነርሱም መሆኑን የጻፉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቃሉም፣ ምክሩም፣ ክርክሩም ሳይቀር መንፈስ ቅዱስ የመራበት መንገድ ነበር። ባለቤቴ ያን ቀን የጠየቀችኝ ጥያቄም እንዲሁ ነበር፤ አልሰማሁም እንጂ።

“ፓስተር፣ እኔ ፈርሜ ጨርሻለሁ፤ ምን ላድርግ?” የሚል ይኖራል። ሕዝቡ ቢያጉረመርምም የእስራኤል አለቆች መሐላቸውን አላፈረሱም። አምስት ነገሥታት ገባዖንን ሲከብቡ ኢያሱ ሌሊቱን ሁሉ ተጉዞ ላታለሉት ሰዎች ተዋጋላቸው። ፀሐይ የቆመችው ያን ቀን ነው! ሳይጠየቅ በተገባ ውል በመጣ ጦርነት እግዚአብሔር ከሕዝቡ ጋር ወጣ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል ያንን መሐላ በማፍረሱ ግን በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረሃብ ሆነ፤ 2ኛ ሳሙኤል 21ን አንብቡ። እኔ ዕዳውን እየከፈልኩ ቂም ይዤ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ያ ወንድም ቤት ሄጄ ቡና የጠጣሁት።

በዚህ ሳምንት ፊርማህን የሚጠብቅ ወረቀት ያለህ ወንድሜ፣ መልስ የሚጠበቅብሽ እህቴ፣ ዛሬ ማታ ወረቀቱን አውጥታችሁ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተቀመጡ፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋር። አሁን ግን አብረን እንጸልይ።

ጌታ ሆይ፣ ይህን ወረቀት ሳልፈርም በፊትህ ዘርግቼዋለሁ። እምቢ ለማለት የማፍረውን ሰው ስሙን ታውቃለህ። “አይሆንም” ብትለኝም የሚሰማ ልብ ስጠኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።