«ተልኳል» ያለው ፕሮግራም



አዘጋጆቹ «ከተማሪነት ዘመንህ አንድ ነገር አጫውተን» ሲሉኝ መጀመሪያ ስላኮራኝ ሥራ ላወራ ነበር። ኋላ ግን ያሳፈረኝን መረጥኩ።

ያኔ ኢንተርኔት በስልክ መስመር ነው፤ ሞደሙ ጮኾ ጮኾ ይገናኛል፣ ወዲያው ይቋረጣል። እኔ ደግሞ ኤምአይአርሲ የሚባለው የቻት ፕሮግራም ፍቅር ይዞኛል። ኻሊድ ማርዳም-ቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ሲሆን የራሱ የስክሪፕት ቋንቋ አለው፤ በእሱ ሶኬት ከፍቶ ከሌላ ሰርቨር ጋር መነጋገር ይቻላል። እኔም በፖርት 25 በኩል ኢሜይል የሚልክ ስክሪፕት ጻፍኩ። የዶርም ልጆች ደብዳቤያቸውን በፍሎፒ ያመጡልኛል፣ ማታ መስመር ሲገኝ ስክሪፕቱ ይልካል፣ «ተልኳል» ይላል።

አንዲት የክፍላችን ልጅ የውጭ ትምህርት ዕድል አግኝታ «እመጣለሁ» የሚለውን መልሷን ሰጠችኝ። በማግስቱ «ደርሷል ወይ?» አለችኝ። «‹ተልኳል› ብሏል እኮ!» አልኳት። ቀነ ገደቡ አለፈ፤ መልሷ አልደረሰም ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሶኬት ክፈት ብላችሁ ስታዙ «ሶክኦፕን» የሚባለው ኩነት ይነሳል። ስሙን አይቼ በሩ ተከፈተ ማለት መሰለኝ። ለካ ግንኙነቱ ሲከሽፍም ይነሳል! የሚነግራችሁ መልእክተኛው መመለሱን ብቻ ነው፤ ተከፍቶለት ይሁን ተዘግቶበት «ሶክኤር» የሚባለውን ዋጋ መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው። ከዜሮ ከበለጠ እዚያው ማቆም። እኔ አልጠየቅኩም፤ የመጀመሪያው መስመሬ «ተልኳል» የሚል ነበር። የስህተቱ መልእክትማ በሌላ መስኮት ተጽፏል፤ ማን አይቶት!

ኮዱን ለአንድ መምህራችን ሳሳያቸው አልተቆጡም። «ካልተሳካስ?» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ሲከፈትም፣ ሲነበብም፣ ሲጻፍም መጠየቅ ጀመርኩ። የዊንዶውስ ቁጥሮችንም ለየሁ፦ 10061 ከሆነ ወዲያ ማዶ ያለው አልቀበልም ብሏል፤ 10060 ከሆነ ጠብቀን መልስ አጣን፤ 11001 ከሆነ የሰርቨሩ ስም አልተገኘም፣ በእኛ ቤት ይህ ብዙ ጊዜ መስመሩ ሞቷል ማለት ነበር። «ተልኳል» የሚለውንም ወደ መጨረሻ አወረድኩት፤ ሰርቨሩ ደብዳቤውን ተቀብሎ 250 ብሎ ሲመልስ ብቻ።

መምህራን ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ፦ የተማሪውን ፕሮግራም ስታርሙ እባካችሁ ኬብሉን ነቅላችሁም ሞክሩት።

ያቺ ልጅ በሌላ ዓመት በሌላ መንገድ ተማረች፤ ዛሬ እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጣለች። ትናንት ማታ የዚህን ስብሰባ ሰዓት በስልክ ላክሁላት። ሳልጠይቃት «ደርሷል» ብላ መለሰችልኝ።