ሰላምና አፈር በአንድ ጉባኤ፦ ከሂልፊልድ ገዳም የምንማረው



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት ገጠር የሚገኘው የሂልፊልድ ገዳም ነው። ገዳሙ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አባላት የሆኑ ፍራንሲስካውያን ወንድሞች ቤት ነው። ዛሬ ግን ከወንድሞቹ ጋር ምእመናን ወንዶችና ሴቶችም ይኖራሉ፤ አብረው ይጸልያሉ፣ አትክልት ይኮተኩታሉ፣ ከብት ያረባሉ። ለእንግዶች ከሚያዘጋጇቸው ሱባኤዎች መካከል በሰላምና በአካባቢ ጥበቃ ላይ የሚያተኩሩ ይገኙባቸዋል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሰላም የሕግና የፖለቲካ ሳይንስ፣ አፈርና ደን ደግሞ የግብርና ትምህርት ክፍል ድርሻ ናቸው። ታዲያ እነዚያ ሰዎች ሁለቱን ለምን አንድ አደረጓቸው?

ለመልሱ ወደ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ መመለስ ያስፈልጋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1219፣ በአምስተኛው የመስቀል ጦርነት ወቅት፣ ፍራንቸስኮስ መሣሪያ ሳይዝ ግንባሩን ተሻግሮ በግብፅ ከሱልጣን አል-ካሚል ጋር ተገናኘ። ከዓመታት በኋላ፣ ታሞ ዓይኑም ሊጠፋ ደርሶ ሳለ፣ ፀሐይንና ውኃን ወንድምና እኅት እያለ ፈጣሪን የሚያመሰግን መዝሙር ደረሰ። የጥንት ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ እንደሚተርኩት፣ ያን ሰሞን የአሲዚ ጳጳስና የከተማይቱ ገዥ ተጣልተው ነበር። ፍራንቸስኮስ በመዝሙሩ ላይ ስለ ይቅር ባዮች አንድ አንቀጽ ጨምሮ በሁለቱ ፊት እንዲዘመር አደረገ፤ እነርሱም ታረቁ። ስለዚህ የፍጥረት ምስጋናውና የዕርቁ ቃል አንድ ድርሰት ሆኑ።

«ሱባኤ ከዓለም መሸሽ አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ጦርነት በጸጥታ ብቻ አይቆምምና። ነገር ግን የሂልፊልድ አጀማመር ራሱ መልስ ይሰጣል። ቤቱ በ1921 የተከፈተው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ አጥተው በየመንገዱ ይንከራተቱ ለነበሩ ሰዎች መጠለያና ሥራ ለመስጠት ነበር። ጸጥታው የመጣው በሩ ለተገፋው ከተከፈተ በኋላ ነው።

ይህን የማነሣው ሂልፊልድን ወደዚህ እንድናመጣው አይደለም። እኛም ዘንድ በሰሜኑ ደጋ ዙሪያው እርሻ ሆኖ ሳለ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ውስጥ የአገር በቀል ዛፎች ተርፈዋል። ሽማግሎቻችን ዕርቅ የሚያወርዱት በዋርካ ጥላ ሥር ነው። ነገር ግን እኛ ምሁራኑ ስለ ሰላም የምንመክረው በሆቴል አዳራሽ፣ ስለ አፈር መሸርሸር የምንመክረው በሌላ አዳራሽ ነው። ገበሬው ግን የሚጣላው በድንበር፣ በግጦሽና በውኃ ነው፤ ለእርሱ ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ ቀያችሁ በግጭት የተጎዳባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ለሁለቱም ትምህርት ክፍሎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ የሚቀጥለውን የጋራ ሴሚናር የግጦሽ ክርክር ባለበት መስክ ላይ፣ ከባለጉዳዮቹ ጋር ተቀምጠን እናካሂድ። ከመናገራችንም በፊት መሬቱን አብረን እንዙር፣ እንስማም። ዋርካው ከተቆረጠ ሽማግሎቹ የሚቀመጡበት አይኖርም፤ ሽማግሎቹ ካልተደመጡም ዋርካውን የሚጠብቀው አይኖርም።