የትርፍ ጊዜ ድሮንና የአውሮፕላን ደኅንነት
(በአማኑኤል ከተማ ለማኅበራችን አባላት ከተደረገ ንግግር)



ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በአማኑኤል ተሰብስበን ስለ ሰማይ መነጋገራችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስላችሁ አልቀረም፤ የቀያሽ ዓይን ዘወትር የሚያርፈው በመሬት ላይ ነውና። ሆኖም ትናንት በቴዎዶላይትና በሜትር እናከናውን የነበረውን ሥራ ዛሬ በድሮን ካሜራ ማገዝ ጀምረናል። ለሠርግ፣ ለበዓልና ለመዝናኛ ድሮን ማብረር የሚሹ ወጣቶችም ምክር የሚጠይቁት እኛኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ጦር መሣሪያው ድሮን ሳይሆን በትከሻ ቦርሳ ስለሚያዘው፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነው ድሮን ነው።

ወጣቶቹ ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ ትንሽ ዕቃ ያን የሚያህል አውሮፕላን ምን ያደርገዋል?» ይላሉ። መልሱን ለማግኘት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን 104 ሰዎችን አሳፍሮ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አንደኛው ሞተር ወዲያውኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ አውሮፕላኑ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲሞክር ኃይሉን አጣ። አብራሪዎቹ ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ ለማሳረፍ ተገደዱ፤ እሳትም ተነሣ። 35 መንገደኞች ሕይወታቸውን አጡ። እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞሉ ወፎች ያደረሱት ጉዳት ይህ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የሰብል ጠባቂን ወንጭፍ ማሰብ ይበቃል። በመዳፍ የተያዘ ድንጋይ ማንንም አይጎዳም፤ ከወንጭፍ ሲወጣ ግን ይገድላል። ልዩነቱ ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ከአንድ ኪሎ ግራም ድሮን ጋር ቢጋጭ፣ ግጭቱ ያንኑ ዕቃ ከ245 ሜትር ያህል ከፍታ ያለ አየር መቋቋም የመጣል ያህል ጉልበት አለው። በእኛ ደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ክብደቱን ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለበት። ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ባለው በባሕር ዳር ፍጥነቱ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የግጭቱም ጉልበት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይበልጣል።

«ርግቦቹ መንጋ ነበሩ፤ ድሮኑ ግን አንድ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን የወፍ አካል ለስላሳ ሲሆን፣ ድሮን የብረት ሞተርና ጠጣር ባትሪ ተሸክሟል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ዴይተን ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም 950 ግራም ያህል የሚመዝን ድሮን በአንድ ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ተኩሶ ሞክሮ ነበር። አምራቹ የሙከራውን ፍጥነት የተጋነነ ነው ብሎ ቢነቅፈውም፣ ድሮኑ የክንፉን ሽፋን ቀዶ በመግባት ዋናውን ተሸካሚ አካል እንደጎዳ ታይቷል። ተመሳሳይ ክብደት ያለው የወፍ አምሳያ ግን በውጭ በኩል ብዙ ቢያበላሽም ያን ያህል ዘልቆ አልገባም።

«በአማኑኤል የአውሮፕላን ማረፊያ የለምና አያሰጋም» የሚለው አስተሳሰብም ሊታረም ይገባዋል። ዝቅ ብለው የሚበሩት ለማረፍ የተቃረቡ አውሮፕላኖች ብቻ አይደሉም። ሕሙማንን የሚያነሣ ሄሊኮፕተርና በ2012 ዓ.ም. እንዳየነው የአንበጣ መንጋን ለመከላከል መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላንም ወደ መሬት ተጠግተው ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በሎስ አንጀለስ ሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜ አንድ ሰው ቃጠሎውን ለማየት ድሮኑን ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ አርቆ ላከ፤ ከዓይኑም ተሰወረበት። ድሮኑ እሳት የሚያጠፋውን አውሮፕላን ክንፍ በሳ። አውሮፕላኑ በሰላም ቢያርፍም እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ለጥገና ከሥራ ውጭ ሆነ። ሰውየው ክፉ አላሰበም፤ ማየት ብቻ ፈልጎ ነበር።

የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፤ ለማለት የፈለግሁት ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ርግብ ሕግ አታነብም፤ የመንደርደሪያ ሜዳም ምን እንደሆነ አታውቅም። ድሮን ግን በሰው እጅ ተነሥቶ በሰው ፈቃድ የሚሄድ ስለሆነ፣ ለሚያደርሰው አደጋ «ድንገተኛ ነው» የሚል ምክንያት አይገኝለትም።

ስለሆነም ምክር ለሚጠይቁን ሁሉ ሦስት ነገሮችን ሳንታክት እንንገራቸው። አንደኛ፣ ድሮን ከማስገባትና ከማብረር በፊት ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ መሆኑን እናስረዳ። ሁለተኛ፣ ድሮኑን ከዓይን ማራቅ እንደማይገባ እናስተምር። ሦስተኛ፣ የሞተር ድምፅ በተሰማ ጊዜ ድሮኑ ሳይውል ሳያድር ወደ መሬት ይውረድ፤ በሰከንድ 70 ሜትር የሚገሰግስ አብራሪ ያችን ትንሽ ነጥብ አይቶ ለመሸሽ ጊዜ የለውምና መሸሽ ያለበት ድሮኑ ነው።

ከእነዚህ ሦስቱ አንዱን እንኳ ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሰው ቢያጋጥመን፣ ወዳጃችንም ቢሆን «አታብርር» ለማለት አንፈር። ከባሕር ዳር የተነሡት መንገደኞች ርግቦቹን ሊከለክልላቸው የሚችል ሰው በአጠገባቸው አልነበረም። ነገ ለሚሳፈሩት ግን እኛ አለን።