የእሾህ አጥር፣ ምሳርና ጅብ

ዛሬም ከቂርያት ጋት ነኝ። የዛሬው ወሬያችን ስለ አጥር ነው። አዎ፣ አጥር። "ይሄ ደግሞ ምኑ ይወራል" ብላችሁ እንዳታጠፉት፤ ትንሽ ታገሱኝ። ውስጡ እሾህ አለ፣ ብረት አለ፣ ጅብ አለ፤ እኛም አለንበት።

ዩኒቨርሲቲ ስለ ገጠር መሬት አንድ ኮርስ እወስድ ነበርና አስተማሪያችን የአንድ እንግሊዛዊ ገበሬ ቪዲዮ አሳየችን። ሰውየው በማሳው ዳር በመስመር የተተከለ እሾሃማ ዛፍ ፊት ይቆማል። ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ በሰያፍ ይቆርጠዋል፤ ግን ቆርጦ አይጨርሰውም። ልጥ የምታህል ቅርፊትና እንጨት ይተዋል። ከዚያ ዛፉን ቀስ አድርጎ ያጋድመዋል። ዛፉ አይሞትም! በዚያች በቀረችው ቅርፊት ውሃ እየሳበ ተጋድሞ ይኖራል፣ ከተቆረጠበት ሥር ደግሞ አዲስ ቀንበጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በየመሃሉ ካስማ ይተክሉለታል፣ ከላይ በቀጫጭን እንጨት እየጎነጎኑ ያስሩታል። ከዓመታት በኋላ በግ ቀርቶ በሬ የማያልፈው ግድግዳ ይሆናል። መሣሪያቸው ጫፉ እንደ ማጭድ የተቆለመመ፣ ክብደቱ ግን ወደ ገጀራ የሚጠጋ ነው። ይሄን ሙያ የሚጠብቅ ብሔራዊ ማኅበር አላቸው፣ ከ1978 ጀምሮ። ውድድር ሁሉ አለ። ለአጥር!

ቪዲዮውን ለአያቴ አሳየኋቸው። አባባ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፣ ስልክ ላይ የሚታይ ነገር ብዙም አይጥማቸውም። ይሄንን ግን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። "ሰውየው ሥራ ያውቃል" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፦ "ጅብ ግን አያውቅም።" እውነታቸውን ነው፣ እንግሊዝ አገር ጅብ የለም። ከዚያ በኋላ ነው እሳቸውን መቅዳት የጀመርኩት።

አባባ ያደጉት ከጎንደር ወጣ ብሎ አምቦበር አካባቢ ነው። እዚያ አጥር ቀን ቀን ከብቱ ወደ ጓሮ ገብቶ ጎመኑን እንዳይበላ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጅብ ወደ በረት ገብቶ ጥጃውን እንዳይበላ ነው የሚታጠረው። "ሁለት አፍ ነው የምትከለክይው፣ ልጄ" ይሉኛል።

አጥር ደረቅም ሕያውም አለ። ደረቁ የእሾህ አጥር ነው። የግራር ቅርንጫፍ፣ ቀጋ፣ አጋም፣ ቀንጠፋ ተቆርጦ ይደረደራል። እኔ በቀረጻው ላይ "ይከመራል" ብዬ አባባ ተቆጡኝ። ክምር ሌላ፣ አጥር ሌላ። ቅርንጫፉ የተቆረጠበት ጫፍ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ ይሆናል። ምክንያቱም ጅቡ ከውጭ ሆኖ ነክሶ ልጎትት ቢል አፉ የሚያገኘው እሾህ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ግን ከውስጥ ሆኖ ግንዱን ይዞ እንደፈለገ ይስበዋል። የበረቱ በርም እንደዚሁ ነው የሚዘጋው። ከብቱ ተቆጥሮ ከገባ በኋላ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ በግንዱ ተይዞ ከውስጥ ይሳባል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ አለቀ። ማጠፊያ የለ፣ ቁልፍ የለ። የሚቀጥለው ቅርንጫፍ በመጀመሪያው ላይ ይነባበራል፣ በእንጨት ይጠቀጠቃል፣ እሾህ ከእሾህ ይያያዛል። ቀንጠፋ ደግሞ እሾሁ ወደ ኋላ የታጠፈ ነው። እጅህን ስታስገባ ዝም ይልሃል፣ ስታወጣ ነው የሚይዝህ። አባባ ይሄን ሲነግሩኝ በጣም ይስቃሉ፣ ክንዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ እያሳዩ።

የደረቅ አጥር ችግሩ ዕድሜው ነው። ምስጥ ይበላዋል፣ ክረምት ያበሰብሰዋል። በየዓመቱ እንደገና ቆረጣ ነው። ለአንድ በረት ስንት ቅርንጫፍ እንደሚሄድ፣ ያንን በሰፈሩ ቤቶች ሁሉ አባዙትና ዛፉ ምን እንደሚቀረው አስቡት።

ሕያው አጥር ሌላ ነገር ነው። በዕብራይስጥ "ጋዴር ሓያ" የምንለው አይደል? ቃል በቃል ሕያው አጥር ማለት ነው፣ እኛም እንደዚያው ነበረን። ቅንጭብ ተቆርጦ፣ ወተቱ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ተትቶ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል መሬት ላይ ይሰካል። በቃ፣ ሥር ያወጣል። ኮርችም ወፍራም ቅርንጫፉ እንደ ካስማ ሲተከል ይበቅላል፣ ቀይ አበባ ያወጣል። ስሚዛም አለ፣ አንዳንድ ቦታ ሰንሰል ይሉታል። ቁልቋልም አለ። ከብት ቅንጭብና ቁልቋልን አይነካም፣ ምክንያቱም ነጭ ወተታቸው ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ልጆች አጥር አጠገብ በዱላ እንዳይጫወቱ ይከለከላሉ። እንደ እንግሊዞቹ ግንድ ቆርጦ ማጋደም አባባ አላዩም። የሳሳ ቦታ ሲያገኙ ግን ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርገው ከጎኑ ካለው ጋር በሐረግ ያስሩት ነበር፣ ቀዳዳው ላይ ደግሞ ደረቅ እሾህ ይጎሰጉሱበታል።

መሣሪያው ጥቂት ነው። ለወፍራሙ ምሳር፣ ለቀጭኑ ገጀራ ወይም ማጭድ፣ ለጉድጓዱ ዶማ፣ ለማሰሪያው ልጥና ሐረግ። የገረመኝ ግን መንሽ ነው። ጫፉ ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሆነ ረጅም እንጨት ነው፤ በአውድማ ጭድ የሚገለብጡበት። እሾህ በእጅ አይነሳም፣ በመንሽ ተወግቶ ይነሳና ቦታው ላይ ይቀመጣል። ጓንት የለም እኮ። የምሳሩ ዛቢያ ወይራ ቢሆን ይመረጣል፣ በቀላሉ አይሰበርም።

እንግዲህ ወደ ብረቱ እንምጣ። የአባባ አባት ቀጥቃጭ ነበሩ። ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ብትጠይቁ አንድ ቀጥቃጭ ወይም አንዲት ሸክላ ሠሪ አታጡም። የቤተ እስራኤል ወንዶች ብረት ይቀጠቅጡ ነበር፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር፣ ሽመናና ግንባታም ነበረበት። ወለቃ የሄደ ቱሪስት የሸክላ ምስል ገዝቶ ይመለሳል፤ ማጭድ ገዝቶ የተመለሰ ግን አልሰማሁም። ያ ማጭድ፣ ያ ምሳር፣ ያ የማረሻ ብረት ግን የአካባቢውን ገበሬ ሁሉ ያበላ ነበር። ከፍየል ቆዳ የተሠራው ወናፍ ከሰሉን ያነዳል፣ ብረቱ ይቀላል፣ በጉጠት ተይዞ በመዶሻ ይመታል። ክፍያው ብዙ ጊዜ እህል ነው፣ አዝመራ ሲገባ የሚሰጥ።

ማታ ላይ ግን ያ ሰው ምን ይባል ነበር? ቡዳ። ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባል ነበር። ሰው ሲታመም፣ ከብት ሲሞት ጣት የሚጠቆመው ወደ እሱ ነው። እስቲ አስቡት። ጎረቤቱ ከጅብ ለመዳን አጥር ያጥራል። እሾሁን የሚቆርጥበትን ምሳር እኛ ሠርተን እንሰጠዋለን። በዚያው ምሳር በተቆረጠው እሾህ ተከልሎ ይተኛና፣ ምሳሩን የሠራው ሰው ጅብ ሆኖ ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ይሄን ለአባባ ስላቸው አልሳቁም። "ቀን በምሳሩ ይስማማሉ፣ ማታ ነው የሚፈሩን" አሉ። ሌላ አልጨመሩም፣ እኔም አልገፋሁም። ከመካከላችን ቤተሰቡ "አያታችን ገበሬ ነበሩ" ብሎ ቀጥቃጭነቱን የሚደብቅ አለ። ለምን እንደሚደብቅ ይገባኛል፣ ግን ያናድደኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ቆይቶ ነው የገባኝ። የትኛውን አጥር ማን ያጥራል? አባባ እንዲህ አሉ፦ "ቅንጭብ የሚተክል መሬቱ የሱ የሆነ ነው። እኛ ደረቁን ነበር የምናጥረው።" በአባቶቻችን ትረካ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ብለው አወጁ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል የሰው መሬት ጭሰኛ ሆነው ነው የኖሩት፣ እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ። ነገ ተነሱ ልትባሉ በምትችሉበት መሬት ላይ ከዓመታት በኋላ የሚደርስ አጥር ማን ይተክላል? በነገራችን ላይ እንግሊዝ አገርም ብዙው ያ የሚያምር ሕያው አጥር የተተከለው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጋራ መሬት ተከፋፍሎ የግል ሲሆን ነው። ለአንዱ አጥር የሆነው ለሌላው ከግጦሹ መባረር ነበር። ቪዲዮው ይሄንን አይናገርም።

አሁን ወደ እዚህ አገር ልምጣ። እዚህ ታዋቂው የአጥር ተክል ጻባር ነው፣ ፍሬውን ሳብረስ የምንለው። እዚህ ለተወለድን ሰዎችም ስም ሆኗል፣ እኔም በወረቀት ደረጃ ጻባር ነኝ ማለት ነው። "ከየት ነሽ?" የሚለኝ ሰው፣ "ከቂርያት ጋት" ስለው፣ "አይ፣ በእውነት ከየት?" ይለኛል እንጂ። ጻባር ራሱ ግን የመጣው ከአሜሪካ ነው፣ ከሜክሲኮ በኩል! እዚህ ከደረሰ ጥቂት መቶ ዓመታት ቢሆነው ነው። እሱን ግን "በእውነት ከየት ነህ" የሚለው የለም። ከእኛው ቁልቋል ጋር አታምታቱት፤ ዝምድና የላቸውም፣ ጻባር ያ ነጭ ወተት የለውም።

የአረብ መንደሮች ግቢያቸውንና ማሳቸውን በጻባር ነበር የሚያጥሩት። ከ1948 በፊት የነበሩት ዒራቅ አል-መንሺያና አል-ፋሉጃ እዚሁ የእኛው አካባቢ ነበሩ። በአገሪቱ ብዙ ቦታ እንደነዚያ መንደሮች ባሉ ስፍራዎች ቤቱ ጠፍቶ የጻባሩ መስመር ብቻ ቀርቶ ታያላችሁ። ሕያው አጥር ከተከለው ሰው በላይ ይቆያል። አባባ ይሄን ስነግራቸው ምን አሉ? "ማን ነበር የሚኖርበት?" ነው ያሉት፣ ወዲያው።

አሁን እሱም እየሞተ ነው። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ጻባር ላይ አይታችሁ ከሆነ እሱ ነፍሳት ነው። ከአሥር ዓመት በፊት አካባቢ በሰሜን ታየና እየወረደ ብዙ አጥር አደረቀ። ተመራማሪዎች ጠላቱን ከሜክሲኮ አምጥተው ለቀውበታል። ትግራይ ውስጥም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በለሱ እዚያ ምግብም፣ የከብት መኖም፣ አጥርም ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቀይ ቀለም ይወጣበታል ተብሎ የዚሁ ነፍሳት ዘመድ ወደ አገር ገባ፤ ከቁጥጥር ወጥቶ በደቡብ ትግራይ በለሱን ጨረሰው። እንግዲህ ሁለት አገር፣ አንድ የአሜሪካ ተክል፣ አንድ ዓይነት በሽታ።

አባባ ከሕንፃችን ጀርባ ጠባብ መሬት አለቻቸው። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም። መጀመሪያ ዙሪያዋን በደረቅ እሾህ አጠሩት፣ ልክ እንደ ጥንቱ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ እሾሁ ወደ ውጭ። ቫዓድ ባይቱ መጣና "ልጆች ይጎዳሉ፣ ይነሳ" አለ። እውነት ለመናገር ትክክል ነው፣ ልጆች እዚያ ኳስ ይጫወታሉ። ግን ያለ ሰላምታ፣ በር ላይ ወረቀት ለጥፎ? አባባ ወረቀቱን ማንበብ ስለማይችሉ እኔ ነኝ የተረጎምኩላቸው። እሾሁን በመንሽ አነሱት። ሰውየው መጥረጊያ መስሎት ነበር፤ መንሽ ነው፣ ራሳቸው ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የሠሩት።

በምትኩ ሮዝማሪን ተከሉ። የጥብስ ቅጠል ማለት እኮ ነው። መናፈሻ ዳር ከሚከረከመው ለምነን ወስደን፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈን፣ ከስንዝር የማይበልጥ ቁራጭ በየአንድ ክንዱ ሰካን። አባባ ክፍተቱን በክንዳቸው ነው የለኩት። እኔ ያሰርኩበት የፕላስቲክ ገመድ ነው፣ ልጥ ከየት ይምጣ። ካሰካናቸው መካከል ሰባቱ ደርቀዋል፣ የቀሩት ያዙ። አሁን ጉልበቴ ላይ ደርሰዋል፤ አባባ በማጭድ ሳይሆን ከሱቅ በተገዛ መቀስ ይከረክሟቸዋል። መቀሱን ባዩት ቁጥር ብረቱ አልጠነከረም ይላሉ።

ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ቤት ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ስለ አጥር ጠይቁልኝ፤ የእሾሁን ስም፣ ማን እንደሚቆርጥ፣ በምን እንደሚነሳ፣ ምሳሩን ማን እንደሠራው። ድምፃቸውን ቀድታችሁ ላኩልኝ። አማርኛም ትግርኛም ይሁን፣ እኛ እንጽፈዋለን። በሚቀጥለው ዝግጅት ስለ ወናፍ ነው፣ የፍየሉ ቆዳ ሳይቀደድ እንዴት እንደሚገፈፍ አባባ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ለሂትራኦት፣ ደህና ሁኑ።